ሕፃን ካላስታወሰው አይጎዳውም? የአንድ ረጅም ክር ጉዞ

በዚህ መድረክ ላይ አወያይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ ስድብ መሰረዝና የተጣሉ ሰዎችን ማብረድ ነው። ይህን ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረውን የመልስ ሰንሰለት፣ ግን ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለረዘመ ብዙ ሰው መሃል ላይ ገብቶ የተመለሰ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው እተርክላችኋለሁ። ማንንም በስም አልጠራም፤ አስተያየቴንም ጣል አደርጋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።

መነሻ

ክሩን የከፈተው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። እሱና ባለቤቱ ልጅ በጉዲፈቻ ሊወስዱ አስበዋል። የታሰበላቸው ልጅ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ያለው ማሳደጊያ ውስጥ ነው። የሰውዬው ታላቅ እህት አራስ ካልሆነ እንዳይነኩ አስጠንቅቃለች። አማቱ ግን ሕፃን ሁሉን ይረሳል ባይ ናቸው። ሰውዬው መሃል ላይ ቆሟል። ልጁ ጨርሶ የማያስታውሰው ጊዜ ጠባዩና አንጎሉ ላይ ምን ትቶ ይሄዳል? ጥያቄው ይኸው ነው።

ከመላሽ 1 እስከ 4

መላሽ 1 ባልና ሚስቱን መርቃ አለፈች። መላሽ 2 የወረቀቱ ጉዳይ ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

መላሽ 3 ከአማትየው ጎን ቆመ። ራሱ ከአራት ዓመቱ በፊት የሆነ አንድም ነገር ትዝ እንደማይለው፣ ትዝ የማይል ነገር ደግሞ ሊያም እንደማይችል በጨዋ ቋንቋ ጻፈ። ይህን የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ እሱ ደፍሮ ጻፈው እንጂ።

መላሽ 4 የጤና ባለሙያ ሳትሆን አትቀርም። ትዝታ ሌላ፣ ሰውነት የሚለምደው ሌላ መሆኑን አስረዳች። ሕፃን ማን እንዳቀፈው አያስታውስም። ሲያለቅስ ሰው ይመጣ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ይማራል። ስንደነግጥ አንጎል ኩላሊት አናት ላይ ላሉት እጢዎች መልእክት ይልካል፤ እነሱ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ይለቃሉ። አጭር ድንጋጤ ክፉ አይደለም። ክትባት ተወግቶ የሚጮህ ልጅ እናቱ ስታባብለው ኮርቲሶሉ ይወርዳል፤ ሰውነቱም መውጣቱንና መውረዱን ይለማመዳል። ጣጣው የሚያባብል ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ይህ ሥርዓት እንደማይረባ የግቢ ዘበኛ ይሆናል፤ ወይ ድመት ባለፈች ቁጥር ይጮሃል፣ ወይ ሌባ ሲገባ ተኝቶ ያድራል። የዘበኛው ምሳሌ የእሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም ተዋሰው።

መላሽ 5፦ ቡካሬስት

ክሩን ክር ያደረገው ይህ መልስ ነው። መላሽ 5 ወሬውን ወደ ሩማንያ ወሰደው። በ1966 የሩማንያ መሪ የነበረው ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሀገሩ ሕዝብ እንዲበዛለት ፅንስ ማስወረድን በአዋጅ ከለከለ። ወላጆች ማሳደግ ሲያቅታቸው ልጆቹ ወደ መንግሥት ማሳደጊያ ገቡ። በ1989 መጨረሻ አገዛዙ ሲወድቅ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች እዚያ ተገኙ።

በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች በዋና ከተማዋ ቡካሬስት ጥናት ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆኑ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን መረጡ። በዕጣ ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጁን ቤታቸው ተቀብለው ወደሚያሳድጉ ሰዎች፣ ሄዱ፤ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ከወላጆቻቸው ጋር የሚያድጉ የከተማዋ ልጆችም ለማነጻጸሪያ ተያዙ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተሰጣቸው። ማሳደጊያ የቀሩት በአማካይ 73፣ አደራ ቤተሰብ የገቡት 81፣ ቤታቸው ያደጉት 109 አመጡ።

የመላሽ 5 ዋና ነጥብ ግን ቁጥሩ አልነበረም። እነዚያ ልጆች እየተመገቡ፣ ልብስ እየተቀየረላቸው፣ ጣሪያ ሥር እያደሩ ነው እንዲህ የሆኑት። ባለሙያዎቹ ሲገቡ ያስደነገጣቸው አንዱ ነገር ዝምታው ነው። ክፍሉ በሕፃናት ተሞልቶ ለቅሶ የለም። ማንም እንደማይመጣ ያወቀ ልጅ ማልቀሱን ይተዋል።

መላሽ 6

እዚህ ላይ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የሠራች ሴት ገባች። የት እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እሷና ባልደረባዋ አንድ ክፍል ሕፃን ለሁለት ይይዙ ነበር። ጡጦ የሚሰጡት በተጣጠፈ ጨርቅ እያስደገፉ ነው፤ ሕፃኑ ጡጦውን ይጠባል፣ ዓይኑ ኮርኒስ ላይ ነው። ጡጦው ሲንሸራተት አንዳንዱ ያለቅሳል። የቆዩት ግን አያለቅሱም፤ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። እሷ ክፉ ሰው ሆና እንዳልሆነ ጻፈች። ሁለት እጅ ነው ያላት። ተረኛ ስትሆን ሁልጊዜ ቀድማ የምታነሳው የሚያለቅሰውን ነበር፤ ዝም ያለው ደህና ነው ብላ። መላሽ 5ን ካነበበች ወዲህ ያ ዝምታ እንቅልፍ እንደነሳት ነው የጨረሰችው።

ከዚህ መልስ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የጻፈ አልነበረም።

ከመላሽ 7 እስከ 9፦ ዕጣው

መላሽ 7 ተቆጥቶ መጣ። ግማሾቹን ልጆች እያወቁ እዚያ መተው ምን ዓይነት ሳይንስ ነው? ለጥናት ተብሎ ልጅ በዕጣ ይጣላል? ተገቢ ቁጣ ነው።

መላሽ 8 በትዕግሥት መለሰ። በዚያን ጊዜ ቡካሬስት ውስጥ የአደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር ከስም አያልፍም ነበር፤ ያቋቋመው ራሱ ጥናቱ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ነበር፤ ማን ይሂድ የሚለውን ዕጣ መወሰኑ ከአድልዎ ይሻላል። ባሉበት እንዲቀሩ የተመደቡትም አልታገዱም፤ ወላጅ ወይም ሌላ ቤተሰብ ሲገኝ ይወጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ወጥተዋል። ሩማንያም በኋላ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከባድ የጤና እክል ከሌለበት በስተቀር፣ ማሳደጊያ እንዳይገባ በሕግ ከልክላለች።

መላሽ 9 አልተዋጠለትም። ውጤቱን ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር መሆኑን፣ እናት የሆነችን ሴት ጠይቆ መጨረስ ይቻል እንደነበር ጻፈ። እኔ ከመላሽ 8 ጋር ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቀው ከነበረ ማሳደጊያዎቹ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቆሙ?

ከመላሽ 10 እስከ 14፦ ነገሩ የከረረበት

መላሽ 10 ከጥናቱ አንድ ነገር መዝዞ አመጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ልጆች ከሰው ጋር በመተሳሰርም ሆነ በአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ንባብ ከዘገዩት ይሻላሉ። ይህ ልክ ነው። በስምንት ዓመታቸው ሲለኩ ቀድመው የወጡት ልጆች የአንጎል ንባብ ቤታቸው ካደጉት ጋር ይቀራረብ ነበር።

መላሽ 11 ይህን አንብቦ ፍርድ አወጣ። 24 ወር ያለፈውን ልጅ መውሰድ በገዛ እጅ ዕዳ መግዛት እንደሆነ፣ ባለጥያቄው አራት ወር ስለቀረው ሳይዘገይ እንዲወስን፣ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ከታሰበ ደግሞ እንዲተወው መከረ። ልክ የወተት ካርቶን ላይ ያለ ቀን እንደሚያነብ ሰው ነው የጻፈው።

መላሽ 12 በዚያው ማታ ደረሰች። ልጇን የወሰደችው በአራት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መጣ። ልጁ ጫማውን በተቃራኒ እግር አጥልቆ ወጣ፣ የሰውየውን እጅ ያዘ፣ አባዬ ብሎ ጠራው፣ ተያይዘው እስከ በሩ ሄዱ። ሰውየው ከሳቁ የተነሳ መዝገቡ ወደቀበት። ጎረቤት ሁሉ ልጁን ሰው ወዳድ፣ ተጫዋች እያለ አወደሰው። እሷ ግን ያን ቀን አለቀሰች። ማንም ሰው ለዚህ ልጅ ከማንም ሰው አይለይም ነበር። ቁጣውም፣ ትምህርት ላይ መቁነጥነጡም፣ ሌሊት መነሳቱም ሁሉ ነበረ፤ አልደበቀችም። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንግዳ ሲገባ አስቀድሞ የእሷን ፊት ያያል፤ ከዚያ ነው ሰላም የሚለው። መላሽ 11 ልጁን የት ወስዳ እንድትመልሰው እንደሚመክራት ጠይቃ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ሁለት መስመር እኔ ነኝ ያነሳሁት። ከአፍ የማይወጣ ስድብ ነበር፤ ቢገባኝም።

መላሽ 13፣ ያው መላሽ 11 ነው፣ እሷን ለመንካት አስቦ እንዳልሆነ፣ የተናገረው ስለ ጥናቱ እንደሆነ ጻፈ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም።

መላሽ 14 ሁለቱንም አረመ፤ በዚህ ክር ውስጥ ምርጡ መልስ የእሱ ነው። 24 ወር የሚባል አንድ በር የለም። ቋንቋ ላይ ቡካሬስት ውስጥ ልዩነት የታየው 15 ወር አካባቢ ነው። ሩማንያውያን ሕፃናትን ወደ እንግሊዝ የወሰዱ ቤተሰቦችን የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ሩተር ለዓመታት ተከታትሏል። እዚያ መስመሩ የወጣው ስድስት ወር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የወጡት በአብዛኛው ከሌላው ልጅ አይለዩም። ከስድስት ወር በላይ የቆዩት ላይ ያለመረጋጋትና ከሰው ጋር ያለመግባባት ችግር እስከ ጎልማሳነት የዘለቀባቸው ብዙ ናቸው። ግን ሁለት ነገር አለ። የአእምሮ ችሎታ ፈተናቸው ዝቅ ብሎ ከነበሩት ብዙዎቹ ጎልማሳ ሲሆኑ ወደ መደበኛው ቀርበዋል። ደግሞም ብዙ ከቆዩት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል በየትኛውም ምርመራ ችግር አልታየበትም።

እንዲህም ሆኖ መላሽ 14 ነገሩን አላለሳለሰውም። በ2020 የወጣውን የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ውጤት አስከተለ። ጎልማሳ ከሆኑት ከእነዚህ ልጆች 67ቱ፣ እዚያው እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉ 21 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። የሩማንያዎቹ አንጎል በአማካይ 8.6 በመቶ ያንሳል። ማሳደጊያ ውስጥ በቆዩ ቁጥር ደግሞ መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጅ ሁሉን ይረሳል የሚለው ልክ አይደለም። ጊዜው አልፎበታል የሚለውም ልክ አይደለም። እነዚህ ሁሉ የቡድን አማካዮች ናቸው፤ የአንድን ልጅ ዕጣ አይናገሩም።

እኔም ልጨምር። ቀን መቁጠር የሚገባው ማሳደጊያውና መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለውና ፋይል ጠረጴዛ ላይ አይደር። አንድ ቤተሰብ ግን ልጅን በወሩ አይቶ ይህ ያለፈበት ነው ማለት ከጀመረ ጥናቱን ገልብጦ አንብቦታል።

ከመላሽ 15 እስከ 17፦ ኩርኩም

በየክሩ የሚመጣው ሰው መጣ። መላሽ 15 በኩርኩምና በበርበሬ ጭስ ማደጉን፣ ዛሬ ደህና ሰው መሆኑን፣ የአሁን ልጅ ጭንቀት የሚባል በሽታ ከፈረንጅ እንደተማረ ጻፈ። ሃያ ምናምን ሰው ወደደለት።

መላሽ 16 ጨዋታ አላወቀችም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች መደባለቃቸውን ነገረችው። አንደኛው እጦት ነው፤ የሚያናግር፣ የሚያቅፍ፣ የሚያጫውት ማጣት። ይህ ቋንቋንና ነገር አስቦ የመያዝን ችሎታ ይጎዳል። በቡካሬስት ልጆች የአንጎል ቅርፊት መሳሳትና መቁነጥነጥ አብረው ታይተዋል። ሁለተኛው ዛቻና ዱላ ነው። የሚደበደብ ልጅ ውስጥ ፍርሃትን የሚመዝነው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ የተቆጣ ፊት ሲያይ ቶሎ ይነሳል። አደጋ ባለበት ቤት ይህ ይጠቅመው ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ መምህር ቅንድብ ባነሳ ቁጥር ግን ልቡ ይደልቃል። ከዚያ መላሽ 15 ደህና ሰው መሆኑን ማን እንደመሰከረለት ጠየቀች። ሚስቱ ትጠየቅ አለች።

መላሽ 17ን ሰርዣለሁ። ከሁለቱ የማንኛው ደጋፊ እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም።

ከመላሽ 18 እስከ 20፦ አይጦቹ

መላሽ 18 ሞንትሪያል ውስጥ የተመራማሪው ማይክል ሚኒ ቡድን የሠራውን አመጣ። አንዳንድ እናት አይጥ ልጆቿን አብዝታ ትልሳለች፣ አንዳንዷ ትንሽ። ብዙ የተላሱት ሲያድጉ ከድንጋጤ ቶሎ ይመለሳሉ። በ2004 በወጣው ሥራ ምክንያቱ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ተገኘ። ኮርቲሶል መሰል ሆርሞንን የሚቀበለውን ተቀባይ የሚያሠራው ጂን ላይ የሚለጠፍ ኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ የእናት ምላስ ያንን ምልክት ይቀንሳል።

መላሽ 19 ስለ ልጅ እየተወራ አይጥ መጥቀስ ነውር መሆኑን ተናገረ። መላሽ 20 ደግሞ ወሳኙን ክፍል ጨመረ። ትንሽ ከምትልስ እናት የተወለዱትን ብዙ ለምትልሰው ሲሰጧቸው እንደ አሳዳጊያቸው ሆኑ። ማለትም በደም ብቻ የወረደ አይደለም። ይህን ለጉዲፈቻ ክር አለማንሳት ነው ነውሩ። ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ መዝለል እንደማይገባም አስጠነቀቀ፤ ልክ ነው።

ከመላሽ 21 እስከ 25፦ ከጂዳ እስከ ሠራተኛ

መላሽ 21 ከጂዳ ጻፈች። ልጇን በስምንት ወሩ እናቷ ጋ፣ ወሎ ትታ ሄዳለች። ክሩን አንብባ ልጇን እንዳበላሸችው ተሰምቷታል።

ሦስት ሰዎች ተረባርበው መለሱላት። መላሽ 22 የቡካሬስት ልጆች ያጡት በትክክል ያንን፣ ሲያለቅሱ የምትነሳ አንዲት አያት መሆኑን ጻፈች። መላሽ 23 የአያት ልጅ ሞልቃቃ ከመሆን በቀር ሌላ አደጋ እንደሌለበት ቀለደ። መላሽ 4 ተመልሳ መጥታ ግን ከቀልዱ ጠንከር አለች። መለያየቱ ለልጁ ምንም አይደለም ማለት እንደማይገባ፣ ዋናው ነገር አሳዳጊው ከእጅ ወደ እጅ አለመቀያየሩ እንደሆነ፣ እናት ስትመለስም ልጁን ከአያቱ በአንድ ቀን መንጠቅ ሌላ ቁስል እንደሆነ ጻፈች። መላሽ 21 አመስግና ወጣች።

ከእጅ ወደ እጅ የሚለው ቃል ክሩን ይዞት ሄደ። መላሽ 24 በዓመት ውስጥ አምስት ሞግዚት ቀይራ ልጇ አዲስ ሰው ሲገባ ማስመለስ እንደጀመረ ጻፈች። መላሽ 25 ሞግዚት የማይቆየው በደመወዙ መሆኑን ነገራት። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የደመወዝ፣ የደላላ፣ የዱቄት ወተት ዋጋ ነው። ለብቻው ክር ከፍቼ ወደዚያ ወስጄዋለሁ።

መላሽ 26

ይህ አንባቢ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን በሕግ መከልከሏ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ጥያቄ ጣለ። ሁሉም ዘሎ ሊገባ ሲል ይህን ጥያቄ ብቻ ቆለፍኩት። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን ፖለቲካ ከገባበት ሌላው ሁሉ ይጠፋል።

ከመላሽ 27 እስከ 30፦ የተረኛ ሰሌዳ

መላሽ 27 ሁሉም ልጅ ነገ ቤተሰብ አያገኝም፤ እስከዚያ ማሳደጊያው ውስጥ ምን ይደረግ የሚለውን አነሳ። የሩሲያዋ ቅዱስ ፒተርስበርግ ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያዎች የተሠራ ሥራ ጠቀሰ። ቀድሞ አንድ ሕፃን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ60 በላይ የተለያዩ ሞግዚቶች እጅ ያልፍ ነበር። ሠራተኞቹን አሠለጠኑ፣ በየክፍሉ ያሉትን ልጆች ቁጥር አሳነሱ፣ ለየክፍሉ ቋሚ ሞግዚቶች መደቡ፣ በቀን ውስጥ እንግዳ የማይገባበት ከልጆቹ ጋር ብቻ የመሆኛ ሰዓት ለዩ። ልጆቹ በቁመት፣ በክብደት፣ በአእምሮም በጠባይም ተሻሻሉ፤ አካል ጉዳት ያለባቸውም ጭምር። ምግቡና ሕክምናው ያው እንደነበረ ነው።

መላሽ 6 ይህን አይታ ተመለሰች። አሁንም ባልደረቦቿ እዚያ አሉ። ሞግዚቶች ሃያ አራት ሰዓት ሠርተው ሁለት ቀን ያርፋሉ፤ ስለዚህ ሕፃኑ አንድን ሰው የሚያየው በሦስት ቀን አንዴ ነው። ይህ ሰሌዳ እንዴት እንደሚቀየር ጠየቀች።

መላሽ 29 ሠንጠረዥ ሠርቶ ለጠፈላት። ለየክፍሉ ሁለት ቋሚ የቀን ሞግዚት፣ በሳምንት አምስት አምስት ቀን፤ ለሌሊት ሌሎች። የሰው ቁጥር አይጨምርም። በወረቀት ላይ ያምራል።

መላሽ 30 ራሷ መላሽ 6 ናት። ሠንጠረዡን ለባልደረቦቿ ልካው ነበር፤ አንዷም አልወደደችውም። ሁሉም የሚኖሩት ከከተማ ዳር ነው። አሁን በሳምንት የሚመላለሱት ሁለቴ ግፋ ቢል ሦስቴ ነው፤ በአዲሱ ሰሌዳ አምስቴ ይሆናል። የታክሲ ሒሳቡን ማን ይሸፍናል? አንድ አባል ስንት ሞግዚት እንዳለና በወር ምን ያህል ብር እንደሚሆን እንድታሰላ ጠይቋታል። ሒሳቡን እየጠበቅን ነው፤ ክሩ ክፍት ነው።